ክተት የጠራው ተጫዋች

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የአላውሃን ወንዝ ተሻግሮ፣ ጎብዬንና ሮቢትን ከኋላው ትቶ ወደ ቆቦ በተቃረበ ጊዜ፣ በግራው የላስታን ደጋ ተሸክሞ የቆመው ገደል፣ በቀኙ የዞብል ተራራ ሲያጅቡት፣ ከሁለቱ መካከል ዓይን አይቶ የማይጨርሰው ሜዳ ይቀበለዋል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ አፈሩ በአብዛኛው በየክረምቱ ከደጋው በጎርፍ እየተጠረገ የወረደ ለም አፈር ነው፤ ስለዚህም በቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ በደጋው ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሰምቶ፣ በእኩለ ሌሊት ከመኝታው ተነሥቶ፣ የጎሊናንና የሆርማትን ደራሽ ውሃ በቦይ እየጠለፈ ወደ ማሽላው መምራት የቆቦ ገበሬ ከአባቶቹ የተረከበው ጥበብ ነው።

እንዲህ ያለ ሜዳ ለእርሻ እንደሚመች ሁሉ ለጦርም ይመቻል፤ ለጨዋታም ይመቻል። ስለ ራያ የጻፉ ሰዎች ስለ እርሻው መጠነኛ፣ ስለ ጦሩ ደግሞ እጅግ ብዙ ብለዋል፤ ስለ ጨዋታው ግን የተባለው ጥቂት ነው። እኔ በዚህ ሐተታ ላነሣው የፈለግሁት በጨዋታውና በጦሩ መካከል የቆመውን ሰው፣ ማለት ክተት በታወጀ ጊዜ ሩሩን ጥሎ ነፍጥ ያነሣውን ተጫዋች ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ሰው ጦርነት ሥራውን አቋረጠበት ይሉታል። በእኛ አገር ግን ተጫዋቹን ሲያበላ የኖረው ራሱ የወታደሩ ስንቅ ስለ ሆነ፣ የማን ሥራ በማን እንደ ተቋረጠ ለመናገር ታሪኩን ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

የራያ ልጅ ክንዱ የሚጠነክረው ገና እረኛ ሳለ ነው። ጅጉርቲውና ደጋሊቱ ፍሬ መቋጠር ሲጀምር በማሽላው መካከል ከአራት ረጃጅም እንጨት የተዋቀረ ማማ ይቆማል፤ ልጁም ጎሕ ሳይቀድ ከማማው ላይ ወጥቶ እስከ ሠርክ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። መሣሪያው ጅራፍና ወንጭፍ ነው። የወንጭፉን አንደኛውን ጫፍ በጣቱ ያጠልቀዋል፤ ሁለተኛውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ቆንጥጦ ይይዘዋል፤ ከመካከል ባለው ማቀፊያ ጠጠር፣ ጠጠር ያጣ እንደ ሆነ ከጭቃ አድቦልቡሎ በፀሐይ ያደረቀውን ድቡልቡል ያገባበታል፤ ከዚያም በራሱ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አዙሮ የቆነጠጠውን ጫፍ ሲለቀው፣ ድንጋዩ እያፏጨ ሄዶ የወፉ መንጋ ከዛላው ላይ ሳያርፍ ይደርስበታል። ይህን ሁለት ወር ሙሉ ከንጋት እስከ ማታ የሠራ ልጅ፣ ርቀትን በዓይኑ መለካትንና የሚንቀሳቀስን ነገር ቀድሞ ማነጣጠርን ማንም ሳያስተምረው ይማራል።

ማሽላው ታጭዶ፣ ዛላው ተወቅቶ፣ አገዳው ለከብት ከተከመረ በኋላ ሜዳው ባዶውን ይቀራል፤ ጊዜውም ታኅሣሥ ነው። ጾመ ነቢያት ሲፈጸም፣ ከገደሉ በላይ ባለችው በላሊበላ ካህናቱ በማሜ ጋራ ላይና ታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ፣ በየሜዳው ደግሞ ወጣቱ የራሱን ሥርዓት ያቆማል። የገና ጨዋታ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ማብዛት አያስፈልገኝም፤ ይሁን እንጂ የዛሬ የከተማ ልጅ በሥዕል እንጂ በዓይኑ ላያውቀው ይችላልና ጥቂት ልበል። ገና የሚባለው በትር ጫፉ የተቆለመመ ነው፤ ከዱር ሲቆረጥ ተፈጥሮ ያጎበጠው ቢገኝ መልካም፣ ባይገኝ በእሳት እያሞቁ ያጎብጡታል። ሩሩ ከእንጨት ሥር ይጠረባል፤ ወይም ከጠፍር ይጠቀለላል። ወሰን የሚባል ነገር የለም፤ የተጫዋቹም ቁጥር እንደ መጣው ሰው ብዛት ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው ሁለት አባቶች ከቆሙ በኋላ፣ በጉልበት የሚመጣጠኑ ጎረምሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ዘወር ብለው በምስጢር ስም እየተሰያየሙ ይመጣሉ፤ አባቶቹም ስሙን እንጂ ሰውየውን ሳይመርጡ ይካፈሏቸዋል። እንዲህ ያለው አከፋፈል ከአድልዎ የነጻ በመሆኑ፣ በሌላ ጊዜ ርስት ሲካፈሉ ደም የሚቃቡ ሰዎች ሳይቀሩ ያለ ክርክር ያድሩበት ነበር።

ጥንታውያን አባቶች ይህን ጨዋታ የቤተ ልሔም እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በበትራቸው የዘለሉት ደስታ መታሰቢያ ነው ይሉታል። በዚያ ዕለት ባለሟልና ድኻ፣ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይውላሉ፤ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በበትር ቢያገኘው ቂም አይያዝበትም፤ ነገሩም በተረት ሳይቀር የጸና ነው። ሊቃውንቱ ትርጓሜውን ወደ ትሕትና ይመሩታል፤ እኔ ግን ከዚህ ቅዱስ ትርጓሜ አጠገብ ሌላ ዓለማዊ ትርጓሜ መኖሩን አልሸሽግም። አባት መርጦ ለአባት መታዘዝ፣ ጎን ይዞ መሮጥ፣ የቆሰለን አንሥቶ ወደ ዳር ማውጣት፣ ሲመሽም ያሸነፈውን ወገን በሽለላና በፉከራ ማጀብ፣ ይህ ሁሉ የጦር ትምህርት ቤት ነው፤ ለአገሩም ከዚህ የተለየ የጦር ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን አልነበረውም። የገና አባት የነበረ ሰው ክተት በታወጀ ጊዜ አብረውት የተጫወቱትን ሰብስቦ ለመዝመት አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ክተቱም መጣ። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ በተሻገረ ጊዜ ከመካከለኛውና ከደቡቡ አገር የተጠራው ሠራዊት ወደ ሰሜን የሚጓዘው በዚሁ በደሴና በቆረም መንገድ ነበርና፣ የዚያ ዓመት ገና በራያ ሜዳ ላይ ሩር የሚሮጥበት አልነበረም። ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት በደሴ ሰፍረው ነበር፤ ደሴም ከኅዳር 26 ጀምሮ የአውሮፕላን ቦምብ ቀምሳለች። የማይጨው ጦርነት የሆነው መጋቢት 22 ቀን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በሚመለሰው ሠራዊት ላይ የወረደውን ቦምብና የመርዝ ጢስ ብዙ ጸሐፊ ስለ ዘረዘረው አልመለስበትም።

ነገር ግን የራያን ስም ያነሣ ሰው ስለዚያ ወር ሊያልፈው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ከራያና ከአዘቦ ወገን ጣልያን ብርና ጠመንጃ ያደለው ሰው የተሸነፈውን የንጉሡን ሠራዊት ከኋላ መውጋቱ የታወቀ ነው፤ አንዳንድ ጸሐፊም ይህን ይዞ አገሩን በሙሉ በክህደት ስም ይጠራዋል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. በዚያው አገር የተነሣው ዐመፅ በኃይል የተደመሰሰ ሲሆን፣ የተዘረፈ ከብትና የተቃጠለ ቤት ያየ ጎረምሳ ስድስትና ሰባት ዓመት ቆይቶ ነፍጥ በእጁ በገባ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከመንግሥት ጋር የነበረው ቂም እንዲህ እንዳለ፣ አገሩም ሁሉ በአንድ ልብ አልተነሣም። ሚያዝያ 7 ቀን የጠላት ጦር ደሴ ሲገባ የቆቦ ሜዳ መተላለፊያው ነበር፤ ዛሬ ከአላማጣ ወደ ቆረም በግራ ካሕሱ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣው የመኪና መንገድም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ከነጻነት በኋላ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. መግቢያ የወያኔ ዐመፅ ተነሣ፤ የእንግሊዝ አውሮፕላን ከኤደን መጥቶ መቀሌን ደበደበ፤ ራያም በሁለቱ ወገን መካከል ሌላ መከራ አየ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የጦር መንገድ በሆነ አገር የገና ጨዋታ ያዥና አለቃ ማን እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ማን እንደ ተመለሰ የጻፈ የለም። ስም የሌለው ተጫዋች የሚቋረጥበት ታሪክ የለውምና፣ ስም ያላቸውን ለመፈለግ ከራያ መውጣት ግድ ይሆናል።

በአዲስ አበባ ያለው ነገር እንዲህ ነበር። ንጉሡ በደሴ ሳሉ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ በአራዳ አካባቢ ያሉ ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን የእግር ኳስ ቡድን መሠረቱ። አገር በክተት ስትናወጥ ኳስ ቡድን ማቋቋም ለአንዳንድ ሰው ቅብጠት ሊመስለው ይችላል፤ ለእኔ ግን ከዚያ ዘመን ወሬዎች ሁሉ የበለጠ ድፍረት ያለበት ወሬ ነው። ጠላት ከተማውን ከያዘ በኋላ ቡድኑ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተብሎ ስሙ ተለወጠ፤ ከነጮቹም ተለይቶ እንዲጫወት ተደረገ። ይድነቃቸው ተሰማ ጨዋታውን የጀመረው በዚህ ቡድንና በዚህ ዘመን ነው፤ እርሱም ነጻነት ከተመለሰ በኋላ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ በመጫወት፣ ከዚያም የአፍሪካ እግር ኳስ አለቃ በመሆን ስሙን አስጠርቷል።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ኳስ የሚያበላ ሥራ አልነበረም። ተጫዋች ወይ ጸሐፊ፣ ወይ ነጋዴ፣ ወይ ተማሪ ሆኖ በትርፍ ጊዜው ይጫወታል እንጂ በጨዋታው ብቻ የሚያድር ሰው በአገሪቱ አይገኝም ነበር። ይህን የለወጠው ክቡር ዘበኛ ነው። ክቡር ዘበኛ ለወጣቱ ልብስ፣ ቀለብ፣ ደመወዝና አልጋ ሰጠው፤ ጠዋት ጠዋት በሰልፍ አስሮጠው፤ የሚበረታውንም ለይቶ ወደ ስፖርት መራው፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገራችን የመጣው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም ከእነዚህ ወታደሮች መካከል ለሩጫ የሚሆኑትን እየመረጠ አሠለጠነ። ከዚህ ወዲህ ያለው የኢትዮጵያ ሯጭ ታሪክ ሁሉ ማዕርግ የተቀጸለበት የሆነው ስለዚህ ነው፤ ሻምበል አበበ፣ ሻምበል ማሞ፣ ሻምበል ምሩፅ፣ ኋላም ኮሎኔል ደራርቱና ሻለቃ ኃይሌ እያልን የምንጠራው ለክብር ብቻ አይደለም። የብዙዎቹ እንጀራ ከወታደር ቤት ነበር፤ የወታደር ቤት እንጀራ ደግሞ ዕዳ አለበት።

የዚህ ዕዳ የመጀመሪያው ታላቅ ጥሪ የመጣው ከኮሪያ ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሄደ፤ ስሙንም ያገኘው በዓድዋ ከዘመተው ከልዑል ራስ መኰንን ፈረስ ነው። ቃኘው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ፤ ከ120 በላይ ሰው ሞተበት፤ ከ500 በላይ ቆሰለበት፤ አንድም ሰው ግን እጁን ሰጥቶ አልተማረከም። በዚያ በበረዶ ተራራ ላይ ከእኛ ወታደር ጋር በአንድ ጦር ስም የተሰለፈው የአሜሪካ ወጣት ደግሞ የራሱ ገና ነበረው፤ እርሱም ቤዝቦል ይባላል።

ቤዝቦል በትርና ሩር ያለው ጨዋታ ስለ ሆነ የራያ ሰው ቢያየው ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም። የሚለየው ሩሩ በምድር ላይ አይነዳም፤ አንዱ ወርዋሪ በሙሉ ኃይሉ ሲወረውረው ሌላው ከአየር ላይ በበትር ይመታዋል። ወርዋሪው የማማ ልጅ ነው፤ መቺው የገና ልጅ ነው። በዚህ ጨዋታ የቦስተን ሬድ ሶክሱ ቴድ ዊልያምስ በዘመኑ ከመቺዎች ሁሉ አንደኛ ተብሎ የሚጠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከ1,000 በ406 ልክ መምታቱ እስከ ዛሬ ይነገራል። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ነጂነት ተጠርቶ እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1945 ሦስት ሙሉ የጨዋታ ዓመት አጣ፤ ተመልሶ ስድስት ዓመት ያህል ከተጫወተ በኋላ፣ ጦርነቱ ለእርሱ ያለቀ በመሰለበት ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 እንደ ገና ለኮሪያ ተጠራ። ጥሪውን አልወደደውም፤ ሄደ ግን። በኮሪያ 39 ጊዜ ለውጊያ በረረ። የካቲት 9 ቀን 1945 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ተመትቶ፣ እሳት ይዞት፣ መንኰራኩሩ አልወርድ ብሎ በሆዱ ማረፊያው ላይ ወርዶ በሕይወት ተረፈ። በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ቡድኑ ተመለሰ፤ ቡድኑም ቦታውን ጠብቆለት ነበር።

በዚሁ በፈረንጆች 1953 ነው አንድ የ21 ዓመት የክቡር ዘበኛ ወታደር ከአዲስ አበባ ወደ ኮሪያ የተላከው። ማሞ ወልዴ ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ድሬ ጅሌ በምትባል መንደር ተወልዶ በክቡር ዘበኛ ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነበር። በኮሪያ ሰላም አስከባሪ ሆኖ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። አሠልጣኞች እንደሚሉት ከ21 እስከ 23 ያለው ዕድሜ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ሳንባና እግር የሚገነባበት ጊዜ ነው፤ ማሞ ያንን ጊዜ ያሳለፈው ነፍጥ ተሸክሞ ነው። ለማሞ ግን ቦታ የሚጠብቅለት ቡድን አልነበረም፤ የሚጠብቀው ቡድንና የላከው ጦር አንድ ነበሩና። የሁለቱ ሰዎች ልዩነት ይህ ነው፤ ለቴድ ዊልያምስ የከፈለው አንድ፣ የጠራው ሌላ ነበር፤ ለማሞ የከፈለውም የጠራውም ያው ክቡር ዘበኛ ነበር።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ማሞ በዚያ በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሮጠ፤ በአንዱም ከማጣሪያ አላለፈም። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ረጅም ርቀት አዞረ፤ ይህም ፍሬ ሊያፈራ ሲል ሁለተኛው ጥሪ መጣ። በ1952 ዓ.ም. ክረምት ኮንጎ ነጻነቷን ባወጀች በሳምንታት ውስጥ ስትታመስ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጦር ጠየቀ፤ ኢትዮጵያም የጠቅልን ብርጌድ ላከች። ይህም ስም፣ እንደ ቃኘው ሁሉ፣ የፈረስ ስም ነው፤ የራሳቸው የንጉሠ ነገሥቱ። የሮማ ኦሊምፒክ በዚያው ክረምት ነበር። ማሞ ራሱ ኋላ እንደ ተናገረው፣ መንግሥት ወደ ኮንጎ ሊልከው፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ደግሞ ወደ ሮማ ሊወስደው ሲከራከሩ፣ ሮማ ያለ እርሱ አለፈች።

ሮማ ማን እንደ ሮጠባት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ከተከታዩ የተለየው ጣልያን ከአክሱም ነቅሎ ወስዶ በሮማ ባቆመው ሐውልት አቅራቢያ መሆኑን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ ለማይጨው ዘማች ልጆች ያ ምን እንደ ነበረ መናገር የሚገባው ያን ጊዜ የነበረ ሰው ነው። አበበም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሥተው ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ የጦሩ አባል ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን በታየ ጊዜ አበበም ከመከራው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። የወርቅ ሜዳልያው እንዳዳነው ይነገራል፤ እውነትም ይመስለኛል።

ከሮማ በኋላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማሞ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ጀምሮ አቋረጠ። ያን ጊዜ 32 ዓመቱ ነበር፤ ብዙ ሰው ጊዜው አለፈ ብሎ የፈረደበት ይመስለኛል። በሜክሲኮ ግን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ባለች ከተማ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ከናፍታሊ ተሙ በግማሽ ሰከንድ ያህል ተቀድሞ ብር አገኘ፤ ከሳምንት በኋላ ጥቅምት 10 ቀን ደግሞ ለማራቶን ቆመ። አበበ እግሩ ታምሞ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ሲቆም፣ ማሞ ብቻውን ወደ ፊት ሄደ፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲገባ ጃፓናዊው ኪሚሃራ ከኋላው ሦስት ደቂቃ ርቆ ነበር። ዕድሜው 36 ነበር። የኢትዮጵያ ሦስተኛው ተከታታይ የማራቶን ወርቅ ይህ ነው፤ ሦስቱም ከአንድ ጦር ክፍል ወጡ።

የሚገርመው ግን ሙኒክ ነው። የሙኒክ ማራቶን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ዋለ፤ ማሞ ካልሮጠባት ከሮማ ማራቶን ልክ 12 ዓመት፣ ያው ጳጉሜን 5፣ ያው የዘመን መለወጫ ዋዜማ። የ40 ዓመቱ ወታደር ከፍራንክ ሾርተርና ከካሬል ሊስሞን ቀጥሎ ሦስተኛ ወጣ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነበር፤ አበበ በሮማ ከሮጠው በ8 ሰከንድ የፈጠነ። ሁለት ከተሞች፣ ሁለት መንገዶች ናቸውና በሰዓት ብቻ ማስተያየት ሥነ ሥርዓት አይደለም፤ ነገር ግን በ28 ዓመቱ ከሮማ የቀረው ሰው በ40 ዓመቱ ይህን መሮጡን የሚያይ ሰው፣ የኮንጎ ጥሪ ምን እንዳስቀረ ልቡ ሳይጠይቅ አይቀርም። ማሞ በበኩሉ በዚያ ቀን የተሰጠው ጫማ እንዳልተመቸውና እርሱ ባይሆን ኖሮ እንደሚያሸንፍ ተናግሯል።

ከዚያ ወዲህ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው። አብዮቱ መጣ፤ ክቡር ዘበኛ ፈረሰ፤ የአየር ኃይሉ ምሩፅ ይፍጠርም ለ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ተዘጋጅቶ ሳለ አገሪቱ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር በመቅረቷ አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ ሁለት ወርቅ አገኘ። እዚህ፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ራያና ቆቦ ይባል በነበረው አውራጃ፣ ድርቁና ጦርነቱ ተከታትለው መጡ፤ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅም ጎረምሳውን ከየመንደሩ ሰበሰበው፤ በቅርቡም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቆቦ ላይ ሲመላለስ ሜዳው እንደ ጥንቱ የጦር መንገድ ሆነ።

ማሞ ከወታደር ቤት ከወጣ በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን ተፈጽሟል ስለ ተባለ ግድያ ተከስሶ፣ እርሱ እየካደ፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ። በጥር 1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለ ነበር ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 18 ቀን በ69 ዓመቱ ሞተ። ቴድ ዊልያምስ የሞተው በሰኔ 28 ቀን፣ የማሞ የአርባ ቀን ተዝካር በሚወጣበት ሰሞን ነው። አሜሪካውያን የስፖርት ጸሐፊዎች ዊልያምስ በጦርነት ያጣቸውን አምስት ያህል የጨዋታ ዓመታት ይዘው፣ 521 ጊዜ ሩሩን ከሜዳ ያወጣው ሰው ባይዘምት ኖሮ ስንት ጊዜ ያወጣ ነበር እያሉ ሲያሰሉ ኖረዋል። ለማሞ ሮማ እንዲህ ያለ ስሌት ተሠርቶ አላየሁም፤ የዚያን ቀን ወርቅ ያመጣው ሌላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበርና፣ አገሪቱ የጎደለባት ነገር አልታወቃትም።